ከአባባ በፊት ማን ይጀምራል?

ኪቦርዱ መግቢያውን ተጫውቶ ጨረሰ። እጄን አነሳሁ፣ አወረድኩ። ዝም። ያ ሁሉ ሰው ተሰልፎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ ቆሞ፣ አንድ ድምፅ እንኳ አልወጣም። ኪቦርድ የሚጫወትልን፣ በሥራ ቀን ባንክ ቤት የሚውለው ጎልማሳ፣ ቀና ብሎ አየኝና መግቢያውን ከመጀመሪያው ደገመው። እጄን አነሳሁ፣ አወረድኩ። አሁንም ዝም። መግቢያው ካለፈ በኋላ ከኋላው መስመር የአባቴ ወፍራም ድምፅ ሲነሳ፣ ያኔ ሁሉም ተግተልትሎ ገባ። ኪቦርዱ ከፊት፣ እኛ ከኋላ፣ አውቶቡስ እንዳመለጠው መንገደኛ እየተንጠባጠብን።

«እናንተ ሰዎች!» አልኩ። «ይሄ እጅ ዝንብ የሚያባርር ነው የሚመስላችሁ?»

ሳቁ። እኔ ስቆጣ መሳቅ ልማዳቸው ነው። ትዕግሥት ሲታደል እኔ ገበያ ሄጄ ነበር መሰለኝ፣ ቶሎ ነው የምግለው፤ እነሱ ደግሞ ይህን ስለሚያውቁ አንዳቸውም አይደነግጡልኝም።

ዲላ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ በሕፃናት ላይ ስጮህ እሰነብትና ቅዳሜ ከሰዓት በጎልማሶች ላይ እጮሃለሁ። የቤተ ክርስቲያናችንን የጎልማሶች ኳየር የማለማምደው እኔ ነኝ። ወጣቶቹ መዘምራን ሌላ ናቸው፤ ዩኒፎርማቸው ያበራል፣ ሽብሸባቸው ራሱን የቻለ ልምምድ አለው፣ ሲዘምሩ ስልክ አውጥቶ የማይቀርፃቸው የለም። እኛ ነርስ፣ አስተማሪ፣ ገበሬ፣ ባለ ሱቅ፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነን፤ ድምፃችን እንደ ነገሩ ነው። ሰው የሚቀርፀን አንዳችንን ቀሚሳችን ሲያደናቅፈን ብቻ ነው። ታዲያ ዘንድሮ የኳየራችን ሰብሳቢ አንድ ቅዳሜ ከንፈሩ ጆሮው እስኪደርስ ፈገግ ብሎ መጣና፣ ቡናው ተለቅሞ ሲያበቃ የከተማው ኳየሮች ተሰብስበው በትልቁ አዳራሽ ኮንሰርት ሊያቀርቡ መሆኑን፣ እኛም መጋበዛችንን አበሰረን። እልል ተባለ። እኔም እልል አልኩ። መግባት የማይችል ኳየር ይዤ የት እንደምገባ የታሰበኝ ኋላ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። እኛ ጌዴኦዎች ዘንድ አንጋፋ ባለበት ታናሽ አይቀድምም። ሽምግልና ላይ ቢሆን፣ ሰርግ ላይ ቢሆን፣ ለቅሶ ላይም ቢሆን ትልቁ ይጀምራል፣ ሌላው ይከተላል። ማንም አስቀምጦ አላስተማረንም፤ እንዲሁ አብሮን ያደገ ነው። ያደግነው ደግሞ በደንብ ነው። ስለዚህ ነርሷ ኖቱን ብታውቅም፣ የወረዳው ሰውዬ ቃሉን በቃሉ ቢሸመድድም፣ እጄ ቢወርድ፣ ኪቦርዱ ቢያልቅ፣ ሰማይ ቢከፈት፣ ከሁላችን ትልቁ ሰው ሳይጀምሩ ማንም አይጀምርም። ከሁላችን ትልቁ ሰው ደግሞ አባቴ ነው።

አባቴ የሚኖረው ከዲላ በላይ ደጋው ላይ፣ ቡሌ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ እንሰቱንና ገብሱን ከወንድሞቼ ጋር እየተንከባከበ፣ ከዚያ ብርድ አልነቃነቅ ብሎ ተቀምጧል። ዲላ ከእኔ ጋር እንዲኖር ለምኜው ለምኜው ሰልችቶኛል። «ከተማ ይሞቃል፣ ሰዉም ይሞቃል» ይላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን በጠዋት ተነስቶ ይወርዳል። መኪና ካገኘ በመኪና፣ መንገዱ በዝናብ ከተበላሸ የመንገዱን እኩሌታ በእግሩ። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ታቅፎ፣ በዚያ በዲላ ሙቀት ካፖርቱን ለብሶ ደጃፌ ላይ ይቆማል። ደህና ነሽ ወይ ሳይለኝ በፊት «ልምምዱ ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ልጄን ልጠይቅ መጣሁ ብሎ አያውቅም። እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ አይወጣም፤ የሚያመጣው ልምምድ ነው። ምሳ አብረን እንበላለን፣ አብረን እንዘምራለን፣ ማታ አብረን እናወራለን፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አብረን ሄደን እሸኘዋለሁ። ሳምንቴ እንዳለ ያቺን ቀን የሚጠብቅ ነው።

ጆሮው መድከም የጀመረው መቼ እንደሆነ አላውቅም። ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ቴሌቪዥኑን እኔ ስቀንስ እሱ ሲጨምር፣ እኔ ስቀንስ እሱ ሲጨምር ሰነበትን። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው «ጆሮዬ ምንም አልሆነም፤ እናንተ የከተማ ሰዎች ስታወሩ አፋችሁን አትከፍቱም» ብሎ ዘጋኝ። በኩራቱ ሲመጡበት የማይወድ ሰው ነውና ተውኩት።

ያ ወቅት ደግሞ ለልምምድ የማይሆን ወቅት ነበር። ቡና ሲደርስ እኛ አካባቢ ሰው የት ገባ አይባልም። ቡና ውስጥ ገባ ነው። አልቶ የሚዘምሩልኝ ሴቶች ግማሾቹ ለቀማ ወጡ። ከቴነሮቹ ደህናው ሬኮ የሚባል መንደር ባለ የቡና ማጠቢያ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ቅዳሜ በሩጫ ሲመጣ የረጠበው የቡና ገለፈት ጠረን ከእሱ ቀድሞ ይገባል። አጠገቡ የሚቆም ጠፋ። ሶፕራኖዎቹ አፍንጫቸውን እየያዙ ሲዘምሩ መዝሙሩ ሁሉ ጉንፋን የያዘው መሰለ። አባቴ ብቻ ነበር «ኑሮ የሚሸተው እንዲህ ነው» ብሎ ከጎኑ የቆመው።

ኮንሰርቱ እየቀረበ፣ እኛ ደግሞ እየዘገየን ስንሄድ፣ ሰብሳቢያችን አንድ ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ በር ላይ ያዘኝ። ለስላሳ ሰው ነው። ክፉ ነገር ሊናገር ሲል ድምፁ ማር ማር ይላል።

«እህቴ፣ ስለ አባባ አስበን ነበር» አለ። «ዕድሜያቸው ነው፣ መቆሙም ይከብዳቸዋል። በዕለቱ ከፊት የክብር ወንበር ብናዘጋጅላቸውስ? ጋቢ እናለብሳቸዋለን። ስማቸው በማይክ ይጠራል፣ ይጨበጨብላቸዋል።»

«ቆመው ደከመኝ ብለዋል?»

«አላሉም።»

«ታዲያ ማን ደከመው?»

ፈገግ አለ። «እሳቸው ከሌሉ ሰዉ በሰዓቱ ይገባል። አንቺም ታውቂዋለሽ።» ከዚያ «ደግሞ አንቺ ብትነግሪያቸው ነው የሚሻለው። ልጃቸው ነሽ» ሲል ጨመረበት።

ጎሽ! ሲሸልሙ በኮሚቴ፣ ሲያስቀይሙ በልጅ። ሰውን በጋቢ ሸፍኖ ማውረድ የት አገር ነው ክብር የሚባለው? ደሜ ፈላ። የበለጠ ያናደደኝ ግን ሰውዬው ስለ መዝሙሩ የተናገረው ልክ መሆኑ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ከየቡና እርሻው እየሮጠ የሚመጣው አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት ሊዋረድ አይደለም። እነግረዋለሁ አልኩ።

መስማት ለደከመው ሰው ምስጢር መንገር ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። እኔ የምኖረው ግቢ ውስጥ ሦስት አባወራ ነው ያለው፤ ግድግዳችን ደግሞ ለይስሙላ ነው። ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ አባቴን በረንዳ ላይ አስቀምጬ፣ ከፊቱ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ስለ ኮንሰርቱ ላናግርህ ነበር» አልኩ በደህና ድምፅ።

ዓይኑን አፌ ላይ ተከለ።

«ስለ ኮንሰርቱ!» ጎረቤቴ፣ አልቶ የምትዘምረው፣ ልብስ እያጠበች ነበር። የሳሙናው ፉጭ ፉጭ ቀጥ አለ።

«ያን ዕለት ከፊት ወንበር ላይ ብትቀመጥ ምን ይመስልሃል? የክብር ወንበር! ከፊት!» ይሄኔ የማዶው ራዲዮም ተቀነሰ። ግቢው ሁሉ ጆሮ ሆነ፤ አባቴ ብቻ ሲቀር።

«አትጩሂ፣ ልጄ» አለ። «ከበር ስትገቢ ፊትሽን አይቼዋለሁ። አውርዱት ተብለሻል።»

አንገቴን ደፋሁ።

ካፖርቱን ሰብሰብ አደረገና ወደ መንገዱ እያየ፣ እሱ በሹክሹክታ የተናገረ መስሎት፣ ለሰፈሩ በሚሰማ ድምፅ «ካለፈው ክረምት ወዲህ ያንን ኪቦርድ ሰምቼው አላውቅም» አለ። «እናንተንም አልሰማም። ጉርምርምታ ነገር ነው፣ እንደ ሩቅ ዝናብ።»

«ታዲያ እንዴት ነው የምትዘምረው?»

«አፋችሁን አይቼ ነዋ! ከጎኔ ያለው፣ የማጠቢያው ልጅ፣ ጉንጩ ሲነፋ በቃ ጀመሩ እላለሁ። እገባለሁ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ቀስ እያለ ገባኝ። እነሱ ከእሱ በፊት ላለመጀመር የእሱን ድምፅ ይጠብቃሉ። እሱ ደግሞ ከእነሱ ጋር ለመጀመር የእነሱን አፍ ይጠብቃል። ያ ምስኪን ቴነር አባባ እስኪጀምሩ ብሎ ትንፋሹን ይይዛል፣ ይይዛል፣ ይይዛል፤ ሲያቅተው እፎይ ሊል ጉንጩ ይነፋል። ኳየራችን ስንት ጊዜ የዘመረው አንድ ሰው ትንፋሽ ስላጠረው ነው!

ሳቅ አፈነኝ። አባቴ ግራ ገብቶት ሲያየኝ፣ እያንዳንዷን ቃል አፌን ከፍቼ፣ በእጄም እያሳየሁ ነገርኩት። መጀመሪያ ቅንድቡን ሰበሰበ፤ ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። የእኔ እንባ ግን ከሳቁ በኋላም ቀጠለ። ከክረምት ጀምሮ እስከዚህ ድረስ፣ ያን መንገድ እየወረደ የማይሰማውን መዝሙር ሲዘምር ቆየ ማለት ነው።

«ካስቸገርኩ እቀመጣለሁ» አለ ሳቁ ሲበርድለት። «ቂም የለኝም። ግን ተቀምጬ አፋችሁን ለማየት ከቡሌ አልወርድም፣ ልጄ። አፍ እዚያም አለ።»

ፈራሁ። እውነቴን ነው። ወንበሯ ላይ የሚቀመጠው ለአንድ ዕለት ነው፤ እኔ የማጣው ግን ቅዳሜዬን ሁሉ ነው። ደግሞ «የጆሮዬን ነገር ለማንም እንዳትነግሪ» ብሎ አስማለኝ። ማልኩ። ግቢው ሁሉ አብሮኝ ማለ ማለት ነው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ኳየሩ ፊት ቆምኩና «ከዛሬ ጀምሮ ኪቦርድ መግቢያ አይጫወትም» አልኩ። «አባባ ይጀምራሉ። እናንተ ትከተላላችሁ። ኪቦርዱም ይከተላል።»

ኪቦርዲስቱ ጣቶቹን ሰበሰበ። «በምን ኪ፣ ከየትኛው ድምፅ ላይ ነው የሚጀምሩት?»

«በራሳቸው።»

«የራሳቸው የትኛው ነው?»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ? ሲጀምሩ ትፈልገዋለህ። ጣት የተሰጠህ ለምንድነው?»

አባቴ የአማርኛ አንተና አንቺ እስከ ዛሬ አልሆነለትም። የተነጋገርነውን ከፊታችን አንብቦ ኖሮ ከኋላ ሆኖ ኪቦርዲስቱን «አንቺ ልጅ፣ አይዞሽ፣ እኔ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው፣ ትደርሺብኛለሽ» ሲለው ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ኪቦርዲስቱም ባለ ፂም ወንድ ሆኖ ሳለ «እሺ፣ አባባ» አለ።

ምልክቱ የእኔ እጅ ነው። እጄ ሲወርድ አባቴ እንዲጀምር ማታ ቤት ውስጥ ተለማምደናል። አወረድኩ። ጀመረ! ወዲያውኑ! ግን ምን ያደርጋል፣ ከመሬት በታች ሆኖ ጀመረ። ሶፕራኖዎቹ እሱ ዘንድ ለመድረስ ሲወርዱ፣ ሲወርዱ፣ የወለዱ ላሞች መሰሉ። አስቆምኳቸውና ለአባቴ ወደ ጣሪያው ጠቆምኩት። ጣሪያውን አየ፣ ካፖርቱን አስተካከለ፣ ከፍ አድርጎ ጀመረ። ኪቦርዱ አንድ ሁለቴ ተወለካከፈና አገኘው። ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት ልናገር? ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ማንም ማንንም ሳይጠብቅ ገባ። ግድግዳው አስተጋባ። በሩ ላይ ቆመው ተራ የሚጠብቁት ወጣቶች ዓይናቸውን ከስልካቸው ላይ አነሱ።

ሰብሳቢያችን ግን አልተዋጠለትም። «እህቴ፣ ለእያንዳንዱ ኳየር የተሰጠው ሰዓት የተወሰነ ነው» አለ በማር ድምፁ። «ሌሎቹ ሁሉ በሙዚቃ ነው የሚጀምሩት። እኛ በሽማግሌ ጀምረን ቢሳቅብንስ?»

«ይሳቁብና! የሳቁ እንደሆነ ወንበርህን ይዘህ ና፣ እኔ ራሴ ከአባባ ጋር እቀመጣለሁ» አልኩት።

ዕለቱ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ከእኛ በፊት የወጡት ኳየሮች አብረቅራቂ ለብሰው፣ እንደ አንድ ሰው ተወዛውዘው፣ ሕዝቡን አስነስተው ወረዱ። አባቴ ጋዋኑን ካፖርቱን ሳያወልቅ ከላይ ደርቦት፣ ቁልፉ አልዘጋ ብሎ፣ ከመጋረጃው ኋላ ሙሽራ መስሎ ቆሟል። አውልቀው ስለው «ብርድ እንደሆነ አያሳውቅም» አለኝ፣ በዚያ ወበቅ።

ልንወጣ ስንል የማጠቢያው ቴነር ጠጋ አለኝ። ታጥቦ፣ ሽቶ ተነስንሶ መጥቶ ነበር። «ዛሬም ትንፋሼን ልያዝላቸው ወይስ ይቅር?» አለ በጆሮዬ።

ዞሬ አፈጠጥኩበት። «ማን ነገረህ?»

ወደ አልቶዋ ጎረቤቴ በዓይኑ አሳየኝ። እሷም ወደ ነርሷ፣ ነርሷም ወደ ወረዳው ሰውዬ። ሁሉም ያውቃሉ። ሳምንታት ሙሉ ያውቃሉ፤ አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም፣ እሱም እንዳላወቁ አምኖ ኮርቶ ከመካከላቸው ይቆማል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይሄ ነው። የዚያን ጊዜ እነዚያን ሰዎች እንዴት እንደወደድኳቸው! አንድ በአንድ ብስማቸው ደስ ባለኝ፤ ጊዜ ስላልነበረ «ወገባችሁን ቀጥ አድርጉ!» ብዬ ተቆጣኋቸው።

ወጣን። ተሰለፍን። ሙዚቃ የለም። አዳራሹ ምን ሆኑ ብሎ ፀጥ አለ። ከፊት የተቀመጠው ሰብሳቢያችን የእጅ ሰዓቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። እጄን አነሳሁ፣ አባቴን አየሁት፣ አወረድኩ።

ጀመረ። ብቻውን፣ በጌዴኦኛ፣ በዚያ ቡሌ በለመደው፣ ማዶ ያለውን ሰው በሚጠራበት ድምፅ። ከዚያ ሁላችንም ገባን፤ ኪቦርዱም ከሥር ደረሰበት። ወደ መካከሉ ስንደርስ አንድ ነገር አየሁ፤ አባቴ ዓይኑን ጨፍኗል። ከክረምት ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ጨፍኖ አልዘመረም ነበር፤ አፋችንን ሲጠብቅ እንዴት ይጨፍናል? ዛሬ የሚጠብቀው ሰው የለም። ፊቱ በላብ ርሶ፣ አገጩን ወደ ላይ አንስቶ፣ ደስ ብሎት ይዘምራል። ደስታውን ሳይ እኔ መዘመሬን ትቼ እሱን ብቻ አየሁ።

መዝሙሩ አለቀ። እጄን ጨብጬ የማቆሚያውን ምልክት ሰጠሁ። ማን አይቶኝ! አባቴ ዓይኑን እንደጨፈነ ከመጀመሪያው ጀመረ። አንጋፋው እየዘመሩ ደግሞ ማን ዝም ይላል? ሁሉም አብሮት ገባ፣ ኪቦርዱም ጭምር። አንዴ ዞረን መጣን። እጄን ጨበጥኩ። እንደገና ጀመረ። አዳራሹ ውስጥ አንዲት እናት እልል አሉ፤ ከዚያ የኋላ መቀመጫዎች ተነሱ፤ ከዚያ ሕዝቡ ሁሉ ተነስቶ አብሮን መዘመር ያዘ። ሰብሳቢያችን እሱም ቆሟል፣ በአንድ እጁ ሰዓቱን እያሳየኝ፣ በሌላው ጭኑን እየመታ።

ሄጄ የአባቴን ትከሻ ብነካ ይቆም ነበር። አንድ እርምጃ ተራመድኩ። የወለሉ ንቅናቄ ተሰምቶት ይሁን እንጃ፣ ዓይኑን ከፈተ። የቆመውን ሕዝብ አየ፤ የሚያጨበጭበውን እጅ ሁሉ አየ። ግራ ገባው። ማይኩ አፉ ሥር መሆኑን ረስቶ፣ በዚያ ለእሱ ሹክሹክታ በሚመስለው ድምፁ፣ «ልጄ፣ አለቀ እንዴ?» አለኝ። አዳራሹ ሁሉ ሰማው።

ተሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም እኔን አየ። አባቴ ወደ አፌ አጎንብሶ ይጠብቃል። ሰብሳቢያችንን አላየሁትም። አፌን በደንብ ከፍቼ፣ ቃሉን ለሁለት ከፍዬ፣

«አላ — ለቀም፣ አባባ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ዓይኑን ጨፈነና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ እኛም ተከተልነው።